ኦክቶበርፌስት ያለ ሪዘርቬሽን፦ ስድስት ሰው ሆነን መቀመጫ እናገኛለን?

የማይን_ዳር_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከፍራንክፈርት ነው። የ2026ቱ ኦክቶበርፌስት፣ ማለትም የሙኒኩ ትልቅ የቢራ በዓል፣ ሴፕቴምበር 19 ተጀምሮ ኦክቶበር 4 ያልቃል፤ እኛም ስድስት ሆነን ሙኒክ ለመሄድ ተነስተናል። ሁለቱ ከአሜሪካ የሚመጡ የአክስቴ ልጆች ናቸው። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ሁለቱ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ። የባቡር ትኬት ተቆርጧል፣ ማደሪያም ተገኝቷል። የቀረን ዋናው ነገር ነው፤ መቀመጫ።

ቢራ የሚጠጣባቸውን ትልልቅ ድንኳኖች ድረ ገጽ አንድ በአንድ እየገባሁ አየሁ። የማታው ሁሉ አልቋል። ጠረጴዛ የሚሰጡትም ለአሥር ሰው እንጂ ለስድስት አይደለም። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ አንዱን ጠረጴዛ በብዙ ሺህ ዩሮ የሚሸጡ ደላሎች አገኘሁ። የአክስቴ ልጆች «ባሕር ተሻግረን መጥተን ውጭ ቆመን ከምንመለስ እንክፈል» ይላሉ። እኔ ግን እጄ አልሄደልኝም።

ሄዳችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ያለ ሪዘርቬሽን ስድስት ሰው ቦታ ያገኛል? በየትኛው ቀን? በስንት ሰዓት? የትኛው ድንኳን ይሻላል? ቦታ ቢጠፋስ ቆሞ መጠጣት ይቻላል? እህቴ አልኮል አትጠጣም፣ እሷም እንዳይከፋት እፈልጋለሁ።

የሽዋቢንጉ

እህቴ፣ ለደላላው አንድ ሳንቲም እንዳትሰጪ። ሙኒክ ነው የምኖረው፣ ይሄን ነገር በየዓመቱ ስለማይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ይሄን እወቂ። መግቢያው በነፃ ነው። ሪዘርቬሽኑም ራሱ በነፃ ነው። ድንኳኖቹ ገንዘብ የሚቀበሉት ለመቀመጫው አይደለም፣ አስቀድሞ ለሚገዛ የምግብና የመጠጥ ኩፖን ነው። ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው ሁለት ማስ (አንድ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ) ቢራና ግማሽ የተጠበሰ ዶሮ ነው የሚታሰበው። በ2025 አንዱ ማስ እንደየድንኳኑ ከ14.50 እስከ 15.80 ዩሮ ነበር። ለአሥር ሰው ስትደምሪው ከ400 ዩሮ በላይ ይመጣል፣ እሱንም በልታችሁ ጠጥታችሁ ነው የምትጨርሱት። ከዚያ በላይ የተጠየቅሽው በሙሉ የደላላው ኪስ ነው የሚገባው። የድንኳን ባለቤቶቹ ደግሞ ጠረጴዛ አትርፎ መሸጥን በውላቸው ይከለክላሉ። በ2021 አንድ የድንኳን ባለቤት እንዲህ የሚሸጥ ድርጅት ከሶ የሙኒክ ፍርድ ቤት ፈርዶለታል። በር ላይ «ይሄ ሪዘርቬሽን አይሠራም» ብትባይ ገንዘብሽን ከማን ትጠይቂያለሽ?

ሁለተኛ፣ ከተማው ራሱ ያለ ሪዘርቬሽን ለሚመጣ ሰው ቦታ እንዲተው ድንኳኖቹን ያስገድዳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከመቀመጫው ሩቡ ነፃ መሆን አለበት። ቅዳሜ፣ እሑድና ኦክቶበር 3 የበዓሉ ቀን ደግሞ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ግማሹ፣ ከዚያ በኋላ 35 በመቶው። (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ከአሜሪካ የሚመጡት እንዳይሳሳቱ ንገሪያቸው። 9 ሰዓት ስል ከሰዓት በኋላ 15:00 ማለቴ ነው።) ይሄ ሁሉ ስለ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ከትልልቆቹ ድንኳኖች ውጭ ያሉት የግቢ ጠረጴዛዎች ሪዘርቬሽን የላቸውም፣ ለቀደመ ናቸው።

በአጭሩ ቦታ አለ። ጥያቄው መቼ ትደርሳላችሁ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ሄጄ ያየሁትን ላካፍልሽ። እኛ የገባነው በመክፈቻው ቅዳሜ ነው፣ ሪዘርቬሽን አልነበረንም። ገና ሳይነጋ በሩ ላይ ተሰልፈን ጠበቅን። ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት ሰው ሁሉ ወደየድንኳኑ ሮጠ፣ እኛም ሮጥን፣ አገኘን። ከዚያ ሦስት ሰዓት ያለ ቢራ መቀመጥ አለ፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት አንድም ብርጭቆ አይቀዳም። የከተማው ከንቲባ ሾተንሃመል የሚባለው ድንኳን ውስጥ የመጀመሪያውን በርሜል በመዶሻ መትቶ «ኦ ጻፕፍት ኢስ!» (በርሜሉ ተከፈተ ማለት ነው) ብሎ ይጮኻል፣ ውጭ 12 ጊዜ መድፍ ይተኮሳል፣ ከዚያ ነው ሁሉም ድንኳን መቅዳት የሚጀምረው። ያን ጊዜ የነበረውን ጩኸት ቃል አይገልጸውም። የማታውቂው ሰው አቅፎሽ ይዘላል።

የአክስትሽ ልጆች ከሩቅ የሚመጡ ከሆነ እኔ በመክፈቻው ቀን ሂዱ ነው የምለው። ሌላ ቀን ቢራ ትጠጫለሽ፣ ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ነው የምታዪው።

የሽዋቢንጉ

ወንድሜ፣ ደስታህን አልነፍግህም፣ ግን ለስድስት ሰው በመክፈቻው ቅዳሜ ሂዱ ማለት አልስማማም። እናንተ ስንት ነበራችሁ? ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ ልክ ነህ። ስድስት ሰው ግን በዚያ ሩጫ መሀል አንድ ላይ አይቀመጥም። አንዱ ጫማው ሲፈታ፣ አንዱ ቦርሳው ፍተሻ ላይ ሲያዝ ጊዜው አለፈ በቃ።

በርሜሉ ሲመታ ማየትም ቢሆን ሾተንሃመል ውስጥ ካልሆንሽ አታዪውም። በቀጥታ ቴሌቪዥን ነው የሚተላለፈው፣ ሌላ ድንኳን ውስጥ ሆነሽ የምታገኚው ጩኸቱን ነው።

የኔ ምክር ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ይከፈታል፤ እስከ ቀትር ድረስ ስድስት ሰው ያለ ጭንቀት፣ ያውም መርጦ ይቀመጣል። ከ9 ሰዓት በኋላ እየጠበበ ይሄዳል። ሰው ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ በሥራ ቀንም ድንኳኖቹ እየሞሉ በሮች መዘጋት ይጀምራሉ። ሐሙስ ከነዚያ ትንሽ ይከብዳል። ዓርብ ከቀትር በኋላ እንደ ቅዳሜ ቁጠሪው።

ሌላው የመጀመሪያው እሑድ ነው። ጠዋት የባሕል ልብስ ሰልፍ በከተማው መሀል ያልፋል፣ ብዙ ሰው እሱን ለማየት መንገድ ዳር ይቆማል። ድንኳኖቹ ግን እሑድ 3 ሰዓት ላይ ይከፈታሉ። ሰልፈኛው በዓሉ የሚደረግበት ሜዳ ላይ ከመድረሱ በፊት ገብቶ መቀመጥ ይቻላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አራት ነበርን። እሺ፣ ስድስት ይከብዳል፣ እሱን ልቀበል። ግን ማክሰኞ ጠዋት የሚገባ ሰው የማታውን ሙቀት አያገኝም እኮ! እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ድምፁም ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ ደንብ አለው። ሰው አግዳሚው ላይ ቆሞ የሚዘፍነው ከዚያ በኋላ ነው። የአክስትሽ ልጆች ያዩት ቪዲዮ ሁሉ የማታ ነው፣ እሱን ነው የሚጠብቁት።

ድንኳን_ውስጥ

እኔ አስተናጋጅ ሆኜ እሠራለሁ፣ የድንኳኑን ስም ግን አልጽፍም። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን የሚያስታርቃችሁን ነገር አልነገራችኋትም። ቀን ገብቶ ማታም መቆየት ይቻላል፤ የምትቀመጡበትን ጠረጴዛ ማወቅ ብቻ ነው።

የተያዘ ጠረጴዛ ላይ የማን እንደሆነና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተያዘ የሚናገር ወረቀት ወይም ካርድ ይኖራል። ከ10 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት የሚል ከሆነ እስከዚያ ድረስ ባዶ ነው፤ አስተናጋጁን ጠይቃችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ባለቤቶቹ ሲመጡ ግን ያለ ክርክር ትነሣላችሁ። ምንም የማይል ጠረጴዛ ካገኛችሁ ግን እስከ መጨረሻው የናንተ ነው። ብዙ ድንኳን ውስጥ ነፃዎቹ መሀል ላይ፣ ሙዚቀኞቹ ፊት ለፊት ያሉት ናቸው። በጎንና በጎን በአጥር የተከለሉትና ሰገነት ላይ ያሉት በአብዛኛው የተያዙ ናቸው። ሰው ሲገባ ጎን ላይ ባዶ ጠረጴዛ ያይና ደስ ብሎት ይቀመጣል፣ በ10 ሰዓት ይነሣል፣ ያን ጊዜ መሀሉ ሞልቷል፣ በሩም ተዘግቷል። በየቀኑ የማየው ይሄን ነው፣ ያሳዝነኛል። ገና ስትገቡ ወደ መሀል ሂዱ።

ቆሞ መጠጣት ላልሽው፣ አይቻልም። ላልተቀመጠ ሰው ቢራ አንሰጥም። መተላለፊያው ላይ ቆማችሁ ብትጠሩኝ ሰምቼ የማልፋችሁ ንቄ አይደለም። እጄ ላይ አሥር ማስ ይዤ ነው የምሄደው፣ መንገድ ከተዘጋብኝ ሰው ይጎዳል፣ ጥበቃዎቹም ይቆጣሉ። ብቸኛው የተለየ ነገር ሆፍብሮይ ድንኳን ነው፤ እዚያ ሙዚቃው ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠጣበት ቦታ አለ። አሜሪካኖችና አውስትራሊያውያን የሚበዙበት ድንኳን ነው፣ የአክስትሽ ልጆች እንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው አያጡም።

ስድስት ሆናችሁ አንድ ላይ «ለስድስት ሰው ቦታ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ባዶ ጠረጴዛ ከሌለ መልሱ ሁልጊዜ የለም ነው። ሦስት ሦስት ሁኑ። አንድ ጠረጴዛ አሥር ሰው ያስቀምጣል፣ ሰባት ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ደግሞ በየቦታው አለ። ፈገግ ብላችሁ «ኢስት ሂር ኖኽ ፍራይ?» በሉ፣ እዚህ ባዶ ነው ወይ ማለት ነው። ጀርመኖች መንገድ ላይ ዝምተኛ ናቸው ትሉ ይሆናል፣ ድንኳን ውስጥ ግን ጠጋ ብሎ ሰው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው። ከተቀመጣችሁ በኋላ ከጎናችሁ ያሉት ሲነሡ ሌሎቹን ሦስት ትጠራላችሁ። አብዛኛው ሰው አንድ ላይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የማይን_ዳር_ልጅ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ደላላውን ትቼዋለሁ፣ ለአክስቴ ልጆችም የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። ማደሪያችን ለሁለት ሳምንት ነው፣ ቀን መምረጥ እንችላለን። ከባልደረቦቼ አንዱ ግን የሚመቸው ሴፕቴምበር 26 ቅዳሜ ብቻ ነው። ያ ቀን ደግሞ የመስቀል ዋዜማ፣ ደመራችን ነው። ቀን ድንኳን ገብተን ማታ ደመራ ብንሄድስ?

ጋሽ_ባየርን

ልጄ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አታደባልቂ።

መካከለኛው ቅዳሜ ከሁሉም ቀን የከፋ ነው። ጣሊያኖች በአውቶቡስም በመኪና ቤትም ተራራውን ተሻግረው የሚመጡት ያን ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ድሮም እንዲሁ ነበር። በ2025 መካከለኛው ቅዳሜ ሴፕቴምበር 27 ነበር፣ መስቀል የዋለበት ቀን ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳው በሰው ተጨናንቆ አዲስ ሰው እንዳይገባ ለጊዜው ዘጉት። ድንኳኖቹን ብቻ አይደለም፣ ሜዳውን በሙሉ። ውስጥ የነበሩ ሰዎች እርስ በርስ ተጣበው መተንፈስ አቃተን ብለው ሲናገሩ በዜና ሰምተናል። እንዲህ ባለ ቀን እህትሽን ይዘሽ እዚያ መሀል እንድትገቢ አልፈልግም።

የሥራ ባልደረባሽ ቅዳሜ ብቻ ከተመቸው ጠዋት 3 ሰዓት ይግባ፣ እስከ 8 ሰዓት ይቀመጥ፣ ይውጣ። አንቺ ግን ደመራውን ለደመራ ተይው። ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ውሎ፣ የቢራ ሽታ ይዞ ደመራ ዙሪያ መቆም አይሆንም። ይሄን የምለው ለመቆጣት አይደለም፣ እዚህ ሀገር ልጆቻችን በዓሉን የሚያዩት በዓመት አንዴ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ትልልቆቹ 14 ድንኳኖች ነው። ከሜዳው በስተደቡብ «ኦይደ ቪዝን» የሚባል አለ፣ የድሮው ኦክቶበርፌስት እንዲመስል የተሠራ። በ2010 የበዓሉን ሁለት መቶኛ ዓመት ለማክበር ነው የተጀመረው፤ በዓሉ በ1810 ልዑል ሉድቪግ ቴሬዘን ሲያገባ በተደረገ የፈረስ ግልቢያ ነው የመጣው፣ ሜዳውም ቴሬዚንቪዘ የሚለውን ስሙን ያገኘው ከሙሽራይቱ ነው። እዚያ መግቢያው በ2025 4 ዩሮ ነበር። ያ ትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው ስለሚያስቀር ቦታ በቀላሉ ይገኛል፣ ሙዚቃውም ጆሮ አይጎዳም፣ ለማይጠጣ ሰውም ደስ ይላል። ግን የግብርናው ትርኢት በሚመጣበት ዓመት ያንን ቦታ ስለሚይዘው አይኖርም፤ ከመሄዳችሁ በፊት የበዓሉን ዋና ገጽ እዩ።

የማይን_ዳር_ልጅ

ጋሼ፣ እሺ። ልክ ነዎት። ደመራውን ከእህቴ ጋር እሄዳለሁ፣ ቅዳሜውን ልጁ ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ያድርገው። እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ጾመኛዋ

ጋሼ ያሉትን ሳይ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ረቡዕ ለቦታ ጥሩ ነው ብላችኋል። ረቡዕና ዓርብ የምንጾም ሰዎች ምን እንበላለን? ሁሉም የሚያወራው ስለ ዶሮና ስለ አሳማ እግር ነው።

ድንኳን_ውስጥ

ውዴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ፣ ምክንያቱም ባዶ ሆድ እዚያ መቀመጥ አደጋ ነው። የኦክቶበርፌስት ቢራ 6 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው፣ ብርጭቆው ደግሞ አንድ ሊትር። ከኛ ሀገር ጃምቦ ጋር አታመሳስሉት። አንዱን ማስ ጨርሶ ሁለተኛውን ሲያጋምስ የሚወድቅ ትልቅ ሰው በየቀኑ አያለሁ።

አሁን ብዙ ድንኳኖች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ዝርዝራቸው ላይ አላቸው፣ «ቪጋን» የሚለውን ፈልጊ። በቅርጫት የሚዞረው ትልቁ ብሬትስል (የተጠማዘዘ ዳቦ) ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ ግን አንዳንዱ ቅቤ ወይም ስብ ስለሚገባበት ጠይቂ። የድንች ሰላጣውን ተጠንቀቂ፣ እዚህ በሥጋ መረቅ ነው የሚሠሩት። ኦባጽዳ የሚሉት አይብ ነው፣ አይሆንም። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ፊሸር ፍሮኒ የሚባለው ድንኳን አለ፣ ዓሣውን በእንጨት ሰክተው ፍም ላይ ይጠብሱታል፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየቤታችሁ ልተው።

ለማትጠጣው እህት ደግሞ አልኮል የሌለው ቢራ፣ የፖም ጭማቂ በሶዳ፣ ለስላሳና ውኃ አለ። ማንም ለምን አትጠጪም አይላትም። አንድ ነገር አዝዛ እስከተቀመጠች ድረስ እንደ ሌላው እንግዳ ናት።

ሽቱትጋርት_ነኝ

ሁላችሁም ሙኒክ ሙኒክ ትላላችሁ። እኔ የሽቱትጋርቱን ቮልክስፌስት ሳልጠቅስ አላልፍም። እሱም ሴፕቴምበር መጨረሻ ይጀምርና ኦክቶበር ውስጥ ይዘልቃል። የጀመረው በ1818 ነው፤ 1816 ላይ በጋ ሳይኖር ቀርቶ እህሉ ጠፍቶ ሕዝቡ ከተራበ በኋላ ንጉሥ ቪልሄልም አንደኛ ለገበሬው ብሎ ያቋቋመው በዓል ነው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ መሀሉ ላይ በፍራፍሬና በእህል ያጌጠ ረጅም ዓምድ የሚቆመው። ይሄ ታሪክ በጣም ነው የሚነካኝ። ከፍራንክፈርትም ከሙኒክ ይልቅ ይቀርባል።

ድንኳን የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ደግሞ ኤርላንገን አለ። ከ1755 ጀምሮ ጰራቅሊጦስ ሰሞን የሚደረግ ነው። ሰው የሚቀመጠው ኮረብታ ላይ፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ባሉ አግዳሚዎች ነው። ሪዘርቬሽን የሚሉትን ጭንቀት ብዙም ሳታስቡ ከጓደኛችሁ ጋር ወጥታችሁ ትቀመጣላችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት አስቡት።

የሽዋቢንጉ

ኤርላንገንን እኔም እወደዋለሁ። ሽቱትጋርት ግን ዓርብና ቅዳሜ ማታ ድንኳኖቹ እንደ ሙኒክ ናቸው፣ ያለ ሪዘርቬሽን ቀላል ነው ብለህ ሰው እንዳትልክ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ስለ ድንኳን ምርጫ ማንም በደንብ አልመለሰላትም። እኔ በአንደኛ ደረጃ የማስቀምጠው አውጉስቲነርን ነው። ቢራው አሁንም ከእንጨት በርሜል ነው የሚቀዳው፣ የሙኒክ ሰው ይበዛበታል፣ የሥራ ቀን ጠዋት በሰላም ይገባል። ኦክሰንብራተራይ ሙሉ በሬ የሚጠበስበት ነው፣ እሱም ረጋ ያለ ነው። ሃከር ጣሪያው በሰማይና በደመና ሥዕል የተሞላ ነው፣ በጣም ያምራል፣ ግን ወጣቱ ሁሉ እዚያ ስለሚሄድ ማታ አትሞክሩት። ሾተንሃመልና ሹትሰንም እንደዚያው ናቸው። ሌቨንብሮይና ፓውላነር ሰፋፊ ናቸው፣ ውጭ ያላቸውም ግቢ ትልቅ ነው።

ስለ ግቢው አንድ ነገር አስተውሉ። ፀሐይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ውጭ መቀመጥ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቀትር ላይ እንኳ ውስጡ ክፍት ይሆናል። ሲዘንብ ደግሞ ሜዳው ባዶ ይመስልና «ዛሬ ሰው የለም» ብላችሁ ትደሰታላችሁ፣ ሰው ሁሉ ግን ውስጥ ገብቶ በሩ ተዘግቷል። ዝናብ ካለ የግድ በጠዋት መድረስ አለባችሁ። ዝናቡ ሲያባራ ግን ቀልጠፍ ያለ ሰው የግቢውን ጠረጴዛ ይይዛል፣ አስተናጋጆቹ ወዲያው ነው የሚጠርጉት።

በር ከተዘጋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ዋናው በር ላይ ያለው ሕዝብ አይንቀሳቀስም። የጎን በሮችን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ሰው ሲወጣ በዚያው ልክ ያስገባሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ደግሞ ከስድስት ሰው ይቀድማል። ጥበቃውን መለመን፣ ገንዘብ ማሳየት አይሠራም፣ ያባርራችኋል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከዚህ ጋር አንድ ልጨምር። ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ እንዳትነሡ። ድንኳን ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ ሰው ለሲጋራ ይወጣና በሩ ተዘግቶ መመለስ ያቅተዋል። ሽንት ቤትም ሰልፍ አለው። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሰው ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። ከጎናችሁ ያሉትን ሰዎችም ተዋወቁ፣ እኛን «ቦታቸው ነው፣ ይመለሳሉ» ብለው የጠበቁልን አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው።

የማይን_ዳር_ልጅ

ወሰንን! ሰኞ ሴፕቴምበር 21 ጠዋት። መጀመሪያ አውጉስቲነር፣ ካልሆነ ኦክሰንብራተራይ። ልጁ ቅዳሜ ስለሚሄድ አምስት ነን፣ ሦስትና ሁለት ሆነን እንገባለን፣ መሀል ላይ ወረቀት የሌለው ጠረጴዛ እንፈልጋለን፣ ከዚያ እስከ ማታ።

የመጨረሻ ጥያቄዎቼ፦ የአክስቴ ልጆች የጀርባ ቦርሳ ይዘን እንግባ ይላሉ። ለአስተናጋጅ ስንት ነው የሚሰጠው? ብንጠፋፋስ የት እንገናኝ?

ድንኳን_ውስጥ

የጀርባ ቦርሳ ማደሪያችሁ ይቅር። ከ3 ሊትር በላይ የሚይዝ ወይም ከ20 በ15 በ10 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ቦርሳ አይገባም። መግቢያዎቹ አካባቢ ማስቀመጫ አለ፣ ግን ይከፈልበታል፣ ሰልፉም ጠዋት የምትፈልጉትን ሰዓት ይበላዋል። ባዶ እጃችሁን የመጣችሁ እንደሆነ ፍተሻውን በደቂቃ ታልፋላችሁ።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። እኛ ቢራውን ከድንኳኑ በራሳችን ሒሳብ ወስደን ነው የምናመጣላችሁ፣ ስለዚህ ማሱ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ይከፈላል። ማሱ 15 ዩሮ ከሆነ 17 ሰጥቶ «ሽቲምት ዞ» (መልሱ ይቅር) የሚል ሰው እንደገና ሳይጠራኝ እመጣለታለሁ። ከመጀመሪያው ዙር ጥሩ የሰጠ ጠረጴዛ ማታ ሲጨናነቅም አይረሳም፣ ይሄን በግልጽ ልንገራችሁ። ቢራ ወይም ምግብ ሳያዝዙ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ግን ለኛ ኪሳራ ነው፣ እንጀራችን ከምንሸጠው ላይ ነውና። ቀኑን ሙሉ ለመቆየት ካሰባችሁ ምሳ እዚያው ብሉ፣ መሀል መሀል ውኃ እዘዙ። ብርጭቆውን ይዞ መውጣት ስርቆት ነው፣ በር ላይ ይያዛል፤ ማስታወሻ የሚፈልግ መግዛት ይችላል። አግዳሚው ላይ ቆሞ መጨፈር ይቻላል፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ከወጣችሁ ያስወጧችኋል።

በኡ-ባን (በምድር ውስጥ ባቡር) ከመጣችሁ ቴሬዚንቪዘ የሚለው ጣቢያ ሜዳው ሥር ነው የሚያወጣው፣ ጠዋት ችግር የለውም። ማታ ስትመለሱ ግን በጣም ይጨናነቃል፤ ወይ ወደ ጎተፕላትስ በእግር ሂዱ፣ ወይ ወደ ሃከርብሩከ፣ ወይ ቀጥታ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ሩቅ አይደለም። የመጨረሻው ቢራ ምሽት 4፡30 ላይ ነው፣ ድንኳኑ 5፡30 ይዘጋል። ከ4 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትወጡ ከዚያ ግፊያ ታመልጣላችሁ።

መገናኛችሁ የባቫርያ ሐውልት ይሁን። ከሜዳው በስተምዕራብ ከፍታ ላይ የቆመች 18 ሜትር ተኩል የነሐስ ሴት ናት፣ ከየትም ትታያለች። ማታ ሰው ሲበዛ ስልክ እንዳሰባችሁት ላይሠራ ይችላል፣ ስለዚህ ሰዓቱንም ጠዋት ላይ ተቀጣጠሩ፤ «የተጠፋፋ ሰው በየሰዓቱ ደረጃው ሥር ይቁም» ተባባሉ። ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት የድንኳኑ በር ላይ ሁኑ።

የሽዋቢንጉ

በዋናው ገጽ ላይ የትኛው ቀንና ሰዓት ምን ያህል እንደሚሞላ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፣ እሑድ ማታ አንዴ እዪው። ሰኞ ከሥራ በኋላ እኔም እዚያ ነኝ። በሩ ካልተዘጋብኝ መጥቼ ሰላም እላችኋለሁ፣ ከተዘጋ ግቢው ውስጥ ፈልጉኝ።